የመጨረሻው መኪና ወጥቷል

ጥቅምት 9፣ እሑድ

… ሻንጣችንን የተሸከመልን ሰውዬ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ወደ ግራ አላየሁም፤ እኔ የማየው የአባቴን ጫማ ነበር። ልዑል ግን አይቷል። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው። «በዚያ ሄደ» ብሎ በጣቱ ጠቆመና አባቴ … እዚህ ላይ ይቋረጥብኛል። ከመርሳ ወደ ወልድያ መጀመሪያ የመጣን ቀን ነው፣ እዚሁ መናኸሪያ። ሻንጣው ተገኝቶ እንደሆነ እናታችንን እጠይቃታለሁ እላለሁ፤ ሳገኛት ሌላ ወሬ ይመጣል።

ይህ ትዝ ያለኝ እትዬ የሺ ዛሬ ባዘዙኝ ሥራ ምክንያት ነው። ፔንሲዮኑ የእሳቸው ነው፤ እኔ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፣ አምስት ዓመቴ።

«ሩት፣ አንቺ ጽሕፈትሽ ያምራል። በየክፍሉ የሚለጠፍ ወረቀት ጻፊልኝ። እንግዳ ከተማችን ገብቶ እንዳይታለል የሚመክር።»

«ሰው አያስፈራም?» አልኳቸው።

«ስለ አታላይ የሚያስጠነቅቅሽን ቤት ትጠረጥሪዋለሽ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

መስቀል አልፏል፣ ገና ደግሞ ሩቅ ነው። አሥራ ሁለት ክፍል አለን፤ ትናንት የተያዘው ሁለት ነበር። በዚህ ወቅት እትዬ የሺ አንድ ሠራተኛ ይቀንሳሉ። ዓምና ሜላትን ነበር። ዘንድሮ ማንን እንደሆነ አልተናገሩም።

ጥቅምት 11

ረቂቁ አለቀ። ባጃጅ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ዋጋ ይነጋገሩ። ሳይጠይቁት ሻንጣዎን ያነሳ ሰው መልሶ እንዲያስቀምጥ ይንገሩት። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብሎ የሚለምን ደረሰኝ ያሳይ። አስጎብኚ ነኝ የሚል መታወቂያ ያሳይ። ዘጠኝ ነጥብ ሆነ።

ስለ መናኸሪያው ምንም አልጻፍኩም። መናኸሪያው ሥርዓት አለው፣ ተራ አስከባሪ አለው። የላሊበላ መስመር ተራ አስከባሪ ልዑል ነው፣ ወንድሜ። የትኛው መኪና እንደሚጭን፣ መቼ እንደሚወጣ የሚናገረው እሱ ነው። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ የሚያምነው እሱን ነው።

ጥቅምት 15

አምስት እንግዳ። ሁሉም ወደ ላሊበላ የሚሄዱ። የመጨረሻው መኪና አመለጣቸው። ያሳዝናል።

ጥቅምት 17

ዛሬም አራት። ሁለቱ ፈረንጆች ናቸው። የመጨረሻው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ ተባሉ። እኔ የማውቀው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሰዓቱ ተለውጦ ይሆናል። ወረቀቴን ቆመው አነበቡና ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ። እንዲህ ያለ ቅን ቤት በመንገዳቸው አላገኙም።

እትዬ የሺ ከኋላዬ ሆነው፣ «ወንድምሽ የተባረከ ነው» አሉ። ለምን እንዳሉ አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 20፣ ማታ

እኔና ልዑል አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተናል። እራት የምንበላው እኔ ዘንድ ነው። ዛሬ ሽሮ ሠርቼ ጠበቅሁት፤ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ።

«ሰዓቱ ተለወጠ እንዴ?»

«የምን ሰዓት?»

«የላሊበላው። የመጨረሻው።»

«መኪና ሲሞላ ይወጣል እታለም። አውሮፕላን አደረግሽው እንዴ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ ብለሃቸዋል።»

«አንዱ ወጥቷላ!» ጎረሰ። አላመጠ። «ደግሞ አንቺ ቤት ነው ያደሩት፤ ጅብ አፍ አልጣልኳቸው። ሞቅ ያለ ውኃ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ በማግስቱ ጠዋት ጉዞ። ምን ጎደለባቸው?»

አንድ ቀን ጎደለባቸው። ይህን አላልኩትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጻፍ፣ ለራሴ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ክፍሎቹ ባዶ ሆነው እትዬ የሺ መዝገቡን ዘግተው ሲያዩኝ በዋሉ ማግስት፣ ልዑልን «ሰው ካለ ወደ እኛ ጠቁም» ብዬዋለሁ። ጠቁም ነው ያልኩት። ጠቁም ማለት ጠቁም ነው። የሚያድር ሰው ካለ ማለቴ ነበር እንጂ የሚሄደውን አሳድር አላልኩም።

ሲወጣ፣ «ወረቀትሽን አየሁት፤ አሪፍ ነው። እኔን ረሳሽኝ እንጂ» ብሎ በሩ ላይ ሳቀ።

ጥቅምት 26

መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምታፈላው ኢሕሳን የመርሳ ልጅ ናት፤ አብረን ተምረናል። ከሥራ በፊት እሷ ዘንድ ሻይ እጠጣለሁ። ልዑል አንዲት ሻንጣ የምትጎትት ሴት ወደ እኛ ሰፈር ሲሸኝ አየችው።

«አንተ ልዑል! ፀሐይ ሳትወጣ ገብታለች ትላለህ እኮ አንተ!»

«ኢሕሳንዬ፣ ሻይሽን አፍዪ።»

«አፈላለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ውኃውን ነው የማፈላው፣ ሰው አላፈላም።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ልዑልም አብሮ ሳቀ፤ የልዑል ክፉ ጎኑ ይኸው ነው፣ ሰው አያስቀይምም። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ።

ኅዳር 3

መርሳ ደርሼ መጣሁ። ከሲሪንቃ ወዲያ ማሽላው ቀልቷል፣ አንዳንዱ ተቆርጦ ተከምሯል። እናታችን አስካለ ጉልበቷ ያማታል፤ ቢሆንም ደጅ ወጥታ ጠበቀችኝ። ፓፓያ ቆርጣ አቀረበች። የምታወራው ስለ ልዑል ነበር። ጎረቤት ላሊበላ ደርሶ ሲመለስ «ልጅሽ አንድ ቃል ሲናገር መኪናው ሁሉ ይሰማዋል» ብሏታል። ይህን ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ።

«አባትሽ ቢያየው» አለች።

ስለ ሻንጣው አልጠየቅኋትም።

ኅዳር 8

ዛሬ አዲስ ነገር ሰማሁ። ሰዓቱ ገና ሦስት ነበር፤ «መኪናው ወጥቷል» ቢባል የማይታመንበት ሰዓት። ልዑል ለሦስት መንገደኞች፣ «መንገድ ተዘግቷል፣ ከድልብ ማለፍ አይቻልም፤ ነገ ይከፈት ይሆናል» አላቸው። ድምፁ የተለመደው ነው፣ ረጋ ያለ።

አጠገባቸው የቆሙ አንዲት እናት ነበሩ፣ መንገደኛ አይደሉም፣ ሽንኩርት ሽጠው ወደ ቤታቸው የሚገቡ። ቃሉን እንደ ሰሙ ዘወር አሉና ማዶ ካለው ሱቅ ዘይት፣ ጨውና ክብሪት ገዙ። ሌላ ሴት ተከተለቻቸው። ከዚያ አንድ ሾፌር ሚስቱ ዘንድ ደወለ።

ኢሕሳን ማንኪያዋን ጣለችው። «ስለ መኪና ዋሽ፣ ዋሽተህ ብላ! በመንገድ ግን አትቀልድ። እዚህ አገር ሆነህ? ያን የጦርነት ጊዜ የት ነበርክ አንተ?»

«ዝም በይ በናትሽ።»

«አልልም! ወላሂ ሁለተኛ ከአፍህ አይውጣ!»

ሦስቱ መንገደኞች እኛ ዘንድ አደሩ። አንሶላቸውን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 14

በአራት ቁጥር ክፍል ባለው ወረቀት ላይ፣ ከዘጠነኛው ነጥብ በታች፣ በእርሳስ ጨመርኩ። «መኪና የለም ቢሉዎት አይመኑ። መንገድ ተዘግቷል ቢሉዎትም።» አንድ ክፍል ብቻ። በእርሳስ፣ ለማጥፋት እንዲመች።

ቀኑን ሙሉ ቀለል አለኝ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አራት ቁጥር ውስጥ ዛሬ ጋሽ ዓለምነህ ገቡ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፣ ከናዝሬት። ብቻቸውን ናቸው። ባለቤታቸው በጠና ታመው ሳለ ለላሊበላ ጥላ ተስለው ነበር፤ ባለቤታቸው ድነዋል፣ ይህን ያህል መንገድ ግን አይችሉም። ጥላውን በላስቲክ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። እሑድ ለማርያም መድረስ አለባቸው። ሰባት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደርሰው የመጨረሻው መኪና ወጥቷል ተባሉ።

ቁልፉን ስሰጣቸው፣ «ልጄ፣ ነገ እርግጠኛ መኪና አለ?» አሉኝ።

«አለ። በሌሊት ተነስተው ይሂዱ።» ከዚያ ማቆም ነበረብኝ። «የለም ቢሉዎትም እንዳይመለሱ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ገባኝ» አሉ። «ወረቀቱንም አየሁት። የእርሳሱን።»

ኅዳር 19

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ። መኪና ውስጥ ናቸው፣ ድምፃቸው ይስቃል። «እንዳልሽው ነው! ተራ አስከባሪው መንገድ ተዘግቷል አለኝ። ተመለሱ ብሎ ለመነኝ፣ ክንዴን ሁሉ ያዘኝ። እኔ ግን አላመንኩትም። ከበሩ ውጪ ሌላ መኪና አገኘሁ፣ ሾፌሩ ክፍት ነው ብሎኛል። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

«ጎበዝ» አልኳቸው። ለትልቅ ሰው። ጎበዝ።

በአራት ሰዓት ኢሕሳን መጣች፣ ሽርጧን እንደታጠቀች። «ሰማሽ? ዛሬ እውነት ተዘግቷል። ሌሊቱን ነው።»

ዘይት የሚገዛው ሰልፍ ከእኛ መስኮት ይታያል።

ኅዳር 19፣ ማታ

ስልካቸው አይሠራም። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ልዑል እራት አልበላም። «አንድ ሽማግሌ ለመንኩ፣ አልሰማ አሉኝ» አለና ተነስቶ ሄደ።

ኅዳር 20

ከድልብ በላይ አቀበቱ ላይ መኪናው ተመልሷል። ሾፌሩ ማለፍ አይቻልም ሲባል መንገደኞቹን አውርዶ ተመለሰ። ጋሽ ዓለምነህ ከሌሎቹ ጋር በእግር ጀመሩ፤ ጠጠሩ አንሸራተታቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል። ሌሊቱን አንድ ገበሬ ቤት አድረው ዛሬ በቃሬዛ ወደ ታች አወረዷቸው፣ አሁን ሆስፒታል ናቸው። በሕይወት አሉ። በሕይወት አሉ።

ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ነበር። የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል ብዬ ተመለስኩ። ዘበኛውን አልጠየቅሁትም።

ኅዳር 22

ልጃቸው ከናዝሬት መጥቶ ወሰዳቸው። ከመሄዱ በፊት መናኸሪያው ቢሮ ገብቶ ጮኸ አሉ። አባቱ በሕመም መካከል «የመናኸሪያው ልጅ» ብለውታል፤ እሱም የተዘጋ መንገድ ላይ ሽማግሌ የጫነው ተራ አስከባሪው ነው ብሎ ከስሷል። መኪና ያሳየ የድለላ ያገኛል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል።

አራት ቁጥር ገብቼ በላጲስ አጠፋሁት። ጽሑፉ ጠፍቷል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርጉት ግን የእርሳሱ ጭረት ይታያል። አውርጄ ሌላ ጻፍኩ። ዘጠኝ ነጥብ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

የሾፌሮቹ ማኅበር ሥርዓት አለው፤ የቆየ ነው፣ አባቶቻቸው ከአገር ሽምግልና የወሰዱት። አንድ ሰው ሲከሰስ ጉዳዩ ሦስት እሑድ ይቆያል። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ቢሮው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ይተዋል፣ የሚያውቅ ሰው በገዛ እግሩ ይመጣል። እማኝ አይጠራም። ተጠርቶ የመጣ እማኝ የጠሪው ነው ይላሉ። በሦስተኛው እሑድ ማንም ካልመጣ በያዙት ይፈርዳሉ።

ልዑል ከተፈረደበት ከመስመሩ ይወጣል፣ ለዘለቄታው። በየትኛውም መናኸሪያ የሚቀበለው የለም።

ዛሬ የመጀመሪያው ነበር። ማንም አልመጣም።

ታኅሣሥ 1

ልዑል እራቱን ሳይነካው ተቀመጠ።

«እታለም፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሰውዬው ዓይኔን እያየ ሳቀ። ያን ቀን እኮ ከልቤ ነው የለመንኩት። ክንዱን ይዤ። እንደ አባቴ ነው ያየሁት። ማን ነግሮት ነው የማያምነኝ? ናዝሬት ድረስ ስሜ ደርሷል?»

«እንጃ» አልኩት።

«ጋሽ ፈንታውን ‹ለሰውዬው ተዘግቷል ብዬዋለሁ› ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አንተ መቼ ነው ተዘግቷል ያላልከው?› አለኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «እውነቱን ነው እኮ።»

ጋሽ ፈንታው የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ አርባ ዓመት የነዱ ሰው።

እንጀራውን ከደንኩት። እንጃ። ይኸው አንድ ቃል ሳምንቱን ሙሉ አፌ ውስጥ አለ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ሁለተኛው። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ልቀይር እችል ነበር፤ አብራኝ የምትሠራው ሃና እተካሻለሁ ብላኝ ነበር። መዝገብ አስተካክያለሁ። መስኮት ጠርጌያለሁ።

እትዬ የሺ ከሰዓት በኋላ ገብተው ወንበር ሳቡ። «የወንድምሽ ነገር ያሳዝናል። አንቺ ግን ሥራሽ ላይ ነሽ። እኔ የምቀንሰው ሰው የለኝም ዘንድሮ።» ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። ወረቀት መቀየሬን አይተዋል ማለት ነው? ወይስ ዝም ብሎ ደግነት ነው? የእሳቸውን ደግነት መመርመር የጀመርኩት መቼ ነው?

ታኅሣሥ 8

ጋሽ ዓለምነህ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይቅርታ፣ ስልኬ አቀበቱ ላይ ጠፍቶ ቁጥርሽን በመከራ ነው ያገኘሁት። ደህና ነሽ?»

እኔ ነኝ የተጠየቅሁት። ደህና ነኝ አልኩ። እግራቸው ጄሶ ውስጥ ነው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው አሉ፣ ድምፃቸውን ሰማሁ። ጥላውን አቀበቱን ለሚወጡ ሁለት ባሕታውያን ሰጥተውት ነበር፤ ደርሶ ይሆን ብለው ይጨነቃሉ።

«ይደርሳል» አልኳቸው።

«በአንቺ አልፈረድኩም። ለእኔ ብለሽ ነው። ያ ልጅም ለእኔ ብሎ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፊቱ ያስታውቃል። ልጄ የሆነ ነገር ተናግሯል መሰለኝ፣ እኔ እንኳ በደንብ አልሰማሁም። ችግር አልፈጠረበትም አይደል?»

ይኸው። እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ለሽማግሌዎቹ ይደውሉላቸው» ማለት ብቻ ነበር። ግን ከደወሉ፣ «ታዲያ ለምን አላመኑትም?» ይሏቸዋል፤ እሳቸው የዋህ ሰው ናቸው፣ ወረቀቱን ይናገራሉ፣ እርሳሱን ይናገራሉ።

«አልፈጠረም» አልኳቸው።

መረቁኝ። እየመረቁኝ ካርዱ አለቀ።

ታኅሣሥ 11፣ ማታ

ነገ ሦስተኛው ነው።

የምናገረው አጭር ነው። ያን ቀን ልዑል እውነቱን ተናግሯል፤ ሰውዬው ራሳቸው በስልክ ነግረውኛል። ብጽፈው አንድ መስመር አይሞላም።

ከዚያ ጋሽ ፈንታው ይጠይቃሉ። ሰውዬው ለምን አላመኑትም? ይህን ለመመለስ ጥቅምትንና ኅዳርን በሙሉ መናገር አለብኝ። ስድስት ሰዓት ላይ የወጡትን መኪኖች። በሦስት ሰዓት የተዘጋውን መንገድ። ያንን ሁሉ ለሽማግሌዎች የምትናገረው እህቱ ናት። አንዱን ቀን ላድንለት ሌላውን ቀን ሁሉ ላሳጣው ነው። ምናልባት በዚያም ከመስመሩ ያወጡት ይሆናል፤ ግን ባልሠራው አይሆንም።

ደግሞም ይጠይቃሉ። መንገደኛው የት ነበር የሚያድረው? ማን አሳድር አለው?

ጠቁም ነው ያልኩት። ይህን ስንት ጊዜ ጻፍኩት? ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት። ሌላውን ጊዜ ሁሉ በቃሌ ነው ያልኩት፣ አንሶላ ሳነጥፍ።

ልዑል ከግድግዳው ማዶ ነው። ሬዲዮ ከፍቷል፣ አምባሰል ነው የሚዘፈነው። አንኳኩቼ ልነግረው ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ከነገርኩት አትሂጂ ይለኛል። ወይም ሂጂ ይለኛል። የትኛው እንደሚከፋ አላውቅም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ከቅዳሴ ወጣሁ። ነጠላዬን ሳልቀይር በመናኸሪያው በር ገባሁ። እሑድ ስለሆነ መኪናው ጥቂት ነው። ኢሕሳን አየችኝ፤ ሻይ ልትቀዳ ብርጭቆ አንስታ ነበር፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ቢሮው ጥግ ላይ ነው። በሩ እንደሚባለው ገርበብ ብሏል። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የማኅበሩ ማኅተም። ልዑል ግድግዳውን ተደግፎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው? እማዬ ናት?»

«እማዬ ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን…»

አላስጨረሱትም። ጋሽ ፈንታው በእጃቸው ተቀመጥ ብለውት ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ጠራሽ ልጄ?»

«ማንም አልጠራኝም።»

አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ልዑል አሁን ፊቴን ሳይሆን እጄን ያይ ነበር። እጄ ላይ ምንም የለም።

«እንግዲያው ግቢ» አሉ ጋሽ ፈንታው። «በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት።